ለጓንቱ ትርፍ አይተዉለት

ሞያሌ፣ ማንያታ (ኬንያ)
ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ ጋሮማ፣

እንደምን ከርመዋል? የዓይንዎ ነገር እንዴት ሆነ፣ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አሁንም ያስቸግርዎታል? እናቴስ? እኔ አለሁ። ሰው ሁሉ «ተመስገን በይ» ይለኛል፤ እላለሁ።

ፊደሌ ቢንጋደድ አይቆጡኝ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ለምን አልደወልሽም እንዳይሉኝ፣ ድምፄ ከጭሱ ወዲህ ሻክሯል፤ እናቴም በሰማችው ቁጥር ታለቅሳለች። ደግሞም የልብስ ልክ በስልክ አይወሰድም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ከሆስፒታል ከወጣሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ቤቴ ጥር ላይ ስለተቃጠለ ያረፍኩት ሀምዲያ ቤት ነው። ሀምዲያ ማለት ገበያ ላይ ጨርቅ የምትሸጠዋ፣ የሰፋሁትን ቀሚስ ሁሉ የምትሸጥልኝ ጎረቤቴ ናት። የተቃጠለው ቀኝ እጄ እስከ ክርኔ፣ አንገቴ፣ ከዚያም በቀኝ በኩል ጉንጬና አገጬ ነው። ከጭኔ ቆዳ ወስደው ለጥፈውልኝ ቁስሉ ደርቋል። አሁን ግን ጠባሳው እያበጠና እየጠነከረ መጣ። ጣቶቼን ወደ ውስጥ ይስባቸዋል፣ አንገቴንም ወደ ታች።

እዚህ ሳጂዳ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለች። ጠባሳውን አጥብቆ የሚይዝ የሚለጠጥ ልብስ ለመታጠብ ካልሆነ በቀር ሳላወልቅ መልበስ አለብኝ፤ አንድ ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። አለዚያ እጄ እንደተጨበጠ ይቀራል፣ አንገቴም አይዞርም፣ እንደገና ቢላ ነው። የተዘጋጀው ልብስ ታዞ እስኪመጣ ወራት ይወስዳል። «ፉንዲ ዘመድ የለሽም?» አለችኝ፤ ፉንዲ የሚሉት የእጅ ባለሙያውን ነው። አለኝ አልኳት።

ጣቶቹ ጫፋቸው ክፍት የሆነ ጓንት፣ እስከ ክርን የሚደርስ እጅጌ፣ ከኋላ የሚያያዝ የአንገት ማቀፊያ። ልኬ ይኸው፦ አንጓ 16፣ ክንድ 24፣ አንገት 33። የጣቶቼን ልክ ከታች በሥዕል አድርጌዋለሁ።

ለእናቴ ሲያነቡላት ጉንጬንና አገጬን ይዝለሉት። እጇ ብቻ ነው ይበሏት።

ወንድምዎ ትቶልዎት የሄደው ልጅ፣
ጋዲሴ ጃርሶ


ዲላ
ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጋዲሴ፣

ሰላምታዬ ከነሰፈሩ ይድረስሽ። ዓይኔ ደህና ነው፤ መርፌው ነው የጠበበው። እናትሽ ምንታምርም ደህና ናት። ደብዳቤሽን እንዳልሽው እየዘለልኩ አነበብኩላት። «ሁለት ገጽ ሙሉ ተጽፎ ንባቡ ለምን እንዲህ አጠረ?» አለችኝ። በግራ እጅ የተጻፈ ፊደል ትልልቅ ስለሆነ ነው አልኳት። ፊደልሽ በእውነት ይንጋደዳል፤ በቀኝሽም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይሻልም ነበር።

የሚለጠጥ ጨርቅ ፍለጋ ከተማውን ዞርኩ። በመጨረሻ የስፖርት ልብስ የሚሸጠው ፌይዝ ዘንድ ብስክሌት ነጂዎች የሚለብሱትን ዓይነት ጠባብ ሱሪ አገኘሁና ሁለት ገዝቼ ፈታሁ። ፌይዝ «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜ ብስክሌት ሊጀምሩ ነው?» ብሎ የሱቁን ሰው ሁሉ አሳቀብኝ። ጓንት በሕይወቴ ሰፍቼ አላውቅም፤ አምስቱ ጣት ከሙሉ ሱፍ ልብስ የበለጠ አደከመኝ።

እንደ ልማዴ በየስፌቱ ትርፍ ትቻለሁ። የእኔ ልብስ ከለባሹ ጋር እንደሚያድግ ታውቂያለሽ፤ ለሠርጉ የሰፋሁለት ሱፍ ለልጁ ክርስትና ተፈትቶ የሰፋለት ሰው ዲላ ውስጥ ስንት አለ! ቆዳሽ ደግሞ ገና ለጋ ነው። እንዳያስጨንቅሽ ትንሽ ላላ አድርጌዋለሁ።

ሹፌሩ ጃልደሳ በየሁለት ሳምንቱ አናናስ ጭኖ ሞያሌ ስለሚወርድ ጥቅሉንም ደብዳቤውንም እሱ ያደርስልሻል።

እሳቱ እንዴት እንደተነሳ ግን አልጻፍሽልኝም። ማሽኗስ? ከእጄ የወሰድሻት የስፌት ማሽን ማለቴ ነው። ተቃጥላ ከሆነ አልቆጣም፤ ብረት ናት። ብቻ ንገሪኝ።

ማታ ማታ ስምሽን በጸሎት የሚያነሳ አጎትሽ፣
ጋሮማ


ሞያሌ፣ ማንያታ
ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣

የላኩልኝ ጥቅልም ምርቃትም ደርሶኛል። እጅዎ ይባረክ። ፌይዝን ሳገኘው ልክ አስገባዋለሁ።

ጓንቱ ያምራል። ሳጂዳ ስፌቱን ገልብጣ አይታ ፉንዲሽ ሊቅ ነው አለች። ከዚያ ሁለት ጣቷን በአንጓዬ በኩል ሰተት አድርጋ አስገባችና ራሷን ነቀነቀች። አንድም ጣት መግባት የለበትም። ልብሱ ከሰውነቴ ልክ ከአሥር አንድ እጅ ማነስ አለበት ትላለች፤ ሳወልቀው የስፌቱ መስመር ቆዳዬ ላይ ታትሞ መታየት አለበት። ካልያዘኝ ጠባሳው ማበጡን አይተውም። እባክዎን ጋሼ፣ ያጥብቡት። አይሳሱልኝ።

እሳቱ እንዲህ ነው። ጎረቤቴ ቦዳቦዳ ለሚሏቸው የኪራይ ሞተሮች የሚሸጠውን ቤንዚን በጀሪካን ሞልቶ ከግድግዳዬ ወዲያ ያስቀምጥ ነበር። አንዱ ጀሪካን አፍስሷል። እኔ ወዲህ ከሰል አቀጣጥያለሁ። በቃ ይኸው ነው።

ስለ ራሴ ምን እንደምጽፍልዎ ግራ ገብቶኛል። ሳጂዳ እሷ ዘንድ በሄድኩ ቁጥር «ዛሬ ልብሽ ከአሥር ስንት ነው?» ትለኛለች፤ አምስት እላታለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ሳላውቅ ሁልጊዜ አምስት። ትናንት ሀምዲያ አንድ ገበያተኛ እንዴት እንደተጨቃጨቃት ስትነግረኝ ሳቅሁ። ስስቅ ጉንጬ ሳበኝና ደነገጥኩ፤ ከዚያ በምን እንደሳቅሁ ጠፋኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ማንም ምንም ሳይለኝ ሳህን ወርውሬ ሰበርኩ። ሀምዲያ «ፖሌ፣ ፖሌ» እያለች፣ አይዞሽ ማለቷ ነው፣ ስባሪውን ለቀመች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለምን እንደሚሻለኝ አይጠይቁኝ።

ምሳ የሚሆን ቻፓቲ የሚሉት ቂጣ እየሸተተኝ የምጽፍልዎ፣
ጋዲሴ


ዲላ
ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጋዲሴ፣

ሰላም ላንቺና ላስጠለለችሽ ለሀምዲያ ይሁን፤ ውለታዋን እግዚአብሔር ይክፈላት።

የሳጂዳሽን ትእዛዝ ሰማሁ። አርባ ሁለት ዓመት ሰፍቻለሁ፤ «ልብስህ ጠበበኝ» ብሎ የመጣብኝ ሰው በጣት ይቆጠራል። አሁን በስተርጅና የተቃጠለ ቆዳ ላይ አጥብቅ እባላለሁ። እሺ፣ አጥብቤዋለሁ። ያለችውን ያህል ግን አይደለም፤ የዚያን ግማሽ ያህል ነው። መቀሱን ይዤ ጨርቁ ላይ ስደርስ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ይህን ለብሰሽ እዪውና ከጠቀመሽ ቀስ በቀስ እንቀጥላለን።

ሳህኑን በመስበርሽ አትዘኚ። አባትሽ በነፍስ ሳለ በተናደደ ቁጥር ጫማ ይወረውር ነበር፤ ሳህን ሳይሻል አይቀርም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፣ አትዝለዪው። ባለፈው ስለ ማሽኗ ጠየቅኩሽ፣ አልመለስሽም። ጃልደሳ ደግሞ እዚያ ገበያ የሰማውን ነገረኝ። እሳቱ ሲነሳ ወጥተሽ ነበር አሉ። ሀምዲያ ይዛሽ ነበር አሉ። አምልጠሻት ተመልሰሽ ገባሽ አሉ። እውነት ነው? ለምን ገባሽ? ለእናትሽ ይህን አልነገርኳትም። በአንዲት ቃል መልሺልኝ።

መልስሽን የሚጠብቅ አጎትሽ፣
ጋሮማ


ሞያሌ፣ ማንያታ
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለእናቴ። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ጃልደሳ ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰው በእኔ ነው።

ሁለተኛው ጓንት ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ግን አሁንም አንድ ጣት ይገባል። ልኬ ስለተቀየረ በአዲሱ ይስፉልኝ፦ አንጓ 14፣ ክንድ 21፣ አንገት 29። እባክዎን በጻፍኩት ላይ ምንም አይጨምሩ።

አሁን ከቤት ወጣ ማለት ጀምሬያለሁ። ወጣሁ ብል ግን ውሸትም ይሆናል። የሀምዲያን ጅልባብና ኒቃብ ለብሼ ነው። አንድ ቀን ሳጂዳ ዘንድ ስሄድ ፀሐይ እንዳይነካኝ ብዬ ተዋስኩት፤ ከዚያ ለእሷ መመለስ አቃተኝ። ማተቤን አንገቴ እስኪድን በግራ እጄ ላይ አስሬዋለሁ፤ ከላይ ኒቃብ፣ ከውስጥ ማተብ። ሴቶቹ «አሰላሙ አለይኩም» ይሉኛል፣ እመልሳለሁ። ትናንት ሦስት ቀሚስ የሰፋሁላት ደንበኛዬ እንዲሁ ሰላም ብላኝ አለፈች። አለማወቋ ደስ አለኝ። ትንሽ እልፍ እንዳልኩ ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ። እንድታውቀኝ ነው ወይስ እንዳታውቀኝ የምፈልገው? ድንበሩ ከዚህ አምስት መቶ እርምጃ አይሆንም። ወዲያ ተሻግሬ አልሄድኩም። መታወቂያዬ ላይ ያለችውን ልጅ ይዤ ፖሊሱ ፊት መቆም አልፈልግም።

ለጠየቁኝ ነገር በሌላ ጊዜ።

ጋዲሴ


ዲላ
ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጋዲሴ፣

ሰላምታዬን ካቀረብኩ በኋላ ሰላም የነሳኝን ልንገርሽ። ክንድሽ ሚያዝያ ላይ 24 ነበር። አሁን 21። በሁለት ወር ሦስት ሳንቲ ሜትር የት ገባ? አንገትሽ አራት ቀነሰ። አትበዪም ማለት ነው። በዚያ ኒቃብ ስር እየሟሟሽ ነው፣ እኛ እዚህ ቁጭ ብለናል።

ለእናትሽ «ትንሽ ከስታለች» ብቻ አልኳት። ሦስት ኪሎ በሶ፣ አንድ ማሰሮ ቅቤና ቆሎ ጠቅልላ ላከችልሽ። ጃልደሳ ማሰሮውን ጋቢና ውስጥ እግሩ ስር አድርጎ ነው የሚወስደው፤ ከተሰበረ መኪናውን አልሰጥህም ብላዋለች፣ መኪናው የእሷ ይመስል።

ልብሱን በላክሽው ልክ አልሰፋሁትም። ስትወፍሪ እንዳይጠብብሽ እላዩ ላይ ጨመርኩበት። ሰው ሲከሳ ልብስ ማጥበብ ክሺ ብሎ እንደመመረቅ ነው የሚሆንብኝ። ተቆጪ ከፈለግሽ።

ለጥያቄዬ «በሌላ ጊዜ» አልሽኝ። ሌላው ጊዜ ደርሷል።

አጎትሽ ጋሮማ


ሞያሌ፣ ማንያታ
ሐምሌ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣

ክረምቱ ለእናንተ የበረከት፣ ለእኔም የምሕረት ይሁን። ቅቤው በደህና ደርሷል። ሀምዲያ ቻፓቲው ላይ እየቀባች ታበላኛለች፤ እስካሁን እንዲህ ያለ ቅቤ ሳይልኩልን የት ነበሩ ብላለች።

አሁን ስለ ማሽኗ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ወጥቼ ነበር። ይህን አስታውሳለሁ፤ ሀምዲያ ክንዴን ይዛኛለች፣ ትጮኻለች። ከዚያ ውስጥ ነኝ። እጄ የማሽኗ ራስ ላይ ነው። በመሃል ያለው የለም። ስንት ቀን ተኝቼ፣ ቁጭ ብዬ ፈለግኩት፣ የለም። ማን ወሰነ? እኔ ወሰንኩ እንዳልል አላስታውስም፤ ሌላ ሰው እንዳልል ደግሞ የተቃጠልኩት እኔ ነኝ። አንዳንድ ቀን ያቺ ተመልሳ የገባችው ልጅ ትናፍቀኛለች፣ ደፋር ነበረች። አንዳንድ ቀን ባገኛት በጥፊ እመታታለሁ።

ሞያሌ ስመጣ ማሽኗን ሲሰጡኝ «እንደ ነፍስሽ ጠብቂያት» ብለውኝ ነበር። እሱን እያሰቡ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ያልመለስኩልዎ ለዚህ ነው። ሰው ዕቃ ሲሰጥ የሚለው ነገር ነው። በእርስዎ ቃል አልገባሁም። በምን እንደገባሁ ደግሞ አላውቅም። ሳጂዳን ጠይቄያት ነበር። «እሳት ውስጥ ሰው ቁጭ ብሎ አያስብም፣ እጁ የለመደውን ይይዛል» አለችኝ። ይህ ይበቃል? አንዳንዴ ይበቃል።

ማሽኗ አለች። ጎረቤቶች በኋላ አወጧት። ራሷ ጠቁሯል፣ እንጨቷ ተቃጥሏል፣ ጎማዋ ግን ይዞራል። ሀምዲያ አዲስ ጠፍር ገዝታ አሠርታልኝ ሳትነግረኝ ጓዳ አስቀምጣት ነበር። መጀመሪያ ሳያት አመመኝና ወጣሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ቁጭ አልኩባት። እግሬ አልተቃጠለም። ክር ሳላስገባ፣ ጨርቅ ሳልዘረጋ፣ እንዲሁ እስከ ምሳ ድረስ ረገጥኳት። ሀምዲያ ብቅ ብላ አየችኝና በሩን ገርበብ አደረገችው። አሁን በየቀኑ እረግጣታለሁ። ባዶ መርፌ ሲወጣና ሲወርድ ማየት ምን ይጠቅማል? ቢሆንም ከዚያ ስነሳ እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

የላኩት ልብስ ግን ከሁሉም የባሰ የላላ ነው ጋሼ። ሳጂዳ ትናንት አንገቴን ወደ ቀኝ አዙሪ አለችኝ፣ አልዞር አለ። እስከ መስከረም ካልተሻሻለ እንደገና ለቀዶ ጥገና ትልከኛለች። ያንን ክፍል እንደገና አልችለውም። አዲሱ ልኬ፦ አንጓ 12፣ ክንድ 18፣ አንገት 26። ይህን ብቻ ይስፉልኝ፣ ይህን ብቻ።

ጋዲሴ


ዲላ
ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጋዲሴ፣

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ እናትሽ ናት።

ልከለክላት አልቻልኩም፤ አልሞከርኩምም። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የጎረቤቴን የጉዮን ልጅ ጠርቼ አንገቷን ለካሁ። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሃያ ሰባት ሆነ። የሃያ ስድስት ዓመት ሴት አንገት ከስምንት ዓመት ልጅ አንሶ እንዴት ራስ ይሸከማል? ሜትሬን እዚያው ጥዬ ወደ እናትሽ ሄድኩ። ከሚያዝያ ጀምሮ የላክሻቸውን ደብዳቤዎች ሁሉ አንድ በአንድ፣ ምንም ሳልዘል አነበብኩላት። ጉንጭሽንም፣ አገጭሽንም፣ ማሽኗንም። አላለቀሰችም። «አንተ ስትዘል ዓይንህ ወረቀቱ ላይ ሲወርድ አይ ነበር» አለችኝና ቦርሳዋን ማዘጋጀት ጀመረች።

ስለ ማሽኗ የጻፍሽውን እኔ ለብቻዬ ሁለተኛ አነበብኩት። በእርስዎ ቃል አልገባሁም ብለሽኛል። እግዚአብሔር ይስጥሽ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ጃልደሳ ያንን ከነገረኝ ቀን ጀምሮ ጨርቁን ማጥበብ ያቃተኝ ለዚያ ነው። አንዴ በአፌ አቃጥያት ደግሞ በእጄ ላስጨንቃት? እያልኩ አላላሁት። የተናገርኩት እኔ፣ የማይዞረው ያንቺ አንገት። ምን ላድርግ ልጄ? ግራ ቢገባኝ ሜትሬን ለእናትሽ ሰጥቻታለሁ። ራሷ ትለካሽ።

በሕይወት ቆይኝ።

አጎትሽ ጋሮማ


ሞያሌ፣ ማንያታ
ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ ጋሮማ፣

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልዎ፤ እናቴም እንኳን አደረሰህ ብላለች። ከሀምዲያ ጋር ገበያ ወጥታለች። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በኦሮምኛና በስዋሂሊ ቀኑን ሙሉ ያወራሉ፤ እኔ ከሁለቱም ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ጃልደሳ ለሀምዲያ ደውሎ «የዛሬውን ጥቅል ባለቤቷ ራሷ መጥታ ትረከብ» አላት። ሀምዲያ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። ጃልደሳ ነው ብዬ «ሄሎ» ስል የመለሰችልኝ እናቴ ናት። «አራት መቶ ኪሎ ሜትር መጥቻለሁ። የቀረውን አምስት መቶ እርምጃ አንቺ ነይ» ብላ ዘጋችው።

ኒቃቡን ለብሼ ወጣሁ። ድንበሩ ጋ ፖሊሱ ኪታምቡሊሾ አለኝ፣ መታወቂያ ማለቱ ነው። ሰጠሁት። ካርዱን አየና ፊትሽን ግለጪ አለኝ። ከጥር ጀምሮ ስሸሸው የነበረው ይህ ነው። ገለጥኩ። አንዴ ካርዱን፣ አንዴ እኔን አየ። «ሞቶ?» አለኝ፤ እሳት ነው ወይ ማለቱ ነው። አዎ አልኩት። «ፖሌ ሲስተር፣ እለፊ» ብሎ ካርዴን መለሰልኝ። በቃ ይኸው ነበር። ስምንት ወር ለዚህ? ኒቃቡን መልሼ አልለበስኩትም። ረስቼው ይሁን ወስኜ አላውቅም፤ በእጄ ይዤው ነው የተሻገርኩት።

እናቴ የጃልደሳ አይሱዙ አጠገብ ቆማለች። ያቺ ቡናማ ቦርሳዋ ደረቷ ላይ ናት። የሚያልፈውን ሴት ሁሉ ትመረምራለች። አምስት እርምጃ ሲቀረኝ ዓይኗ እኔ ላይ መጣ። መጣና አለፈኝ። ከኋላዬ የምትመጣ አንዲት ከሲታ ልጅ ላይ ሄዶ ቆመ፤ «ነይ፣ ነይ» እያለች እጇን ዘረጋችላት። ጋሼ፣ እዚያው ላይ ሞትኩ። እናቴ አላወቀችኝም። ፊቴ ነው አልኩ፤ ከእንግዲህ ማንም ባያውቀኝ አይደንቀኝም አልኩ። ዞሬ ልመለስ አንድ እግሬን አንስቼ ነበር።

«አንቺ!» አለች። «ጋዲሴ! አንቺ ነሽ እንዴ? ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የወፈርሽው?»

ወፍሬያለሁ ጋሼ። ከመጋቢት ጀምሮ ቤት ተቀምጬ የሀምዲያን ቻፓቲ፣ የግመል ወተት፣ ከሰኔ ወዲህ ደግሞ የእናቴን ቅቤ ስበላ ነበር። እርስዎ የነገሯት የስምንት ዓመት ልጅ አንገት ነው። ዓይኗ እኔን ያለፈኝ ከሲታ ልጅ ስትፈልግ ነው። በጠባሳው አይደለም! ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ ጠባሳውንም ደህናውንም እኩል ሳመችው፣ ከዚያ ትከሻዬን ገፋ አድርጋ ወገቤን አየችና «ያ ሽማግሌ ነፍሴን ሊያወጣት ነበር» አለች። ሳቅሁ። ጉንጬ ሳበኝ፣ ግን አልደነገጥኩም። አለቀስኩም። ጃልደሳ የትኛው እንደሆነ ስላልገባው የአናናስ ሳጥን አቀረበልኝና ተቀመጪ አለኝ።

አሁን ኃጢአቴን ልንገርዎ። ልኩን የዋሸሁት እኔ ነኝ። ያጥብቡልኝ ብዬ ብለምንዎ እያላሉ ስላስቸገሩኝ፣ ቁጥሩን ባሳንሰው በትክክል ይመጣል ብዬ አሳነስኩት። እርስዎ ደግሞ ከሳች ብለው ጨመሩበት። እንደገና ቀነስኩ። መክሳቴን ሊያስቡ እንደሚችሉ አልመጣልኝም፤ እየወፈርኩ ስለነበር ይሆናል። እኔ ስዋሽልዎ፣ እርስዎ ሲሳሱልኝ አንገቴ መሃል ቀረ። ይማሩኝ።

እናቴ በሜትርዎ ለካችኝ። ወገቤን ሁለት ጊዜ ለካችው፣ የመጀመሪያውን አላመነችም። እውነተኛው ይኸው፦ አንጓ 16 ተኩል፣ ክንድ 26፣ አንገት 34። ከዚህ ላይ ራስዎ ከአሥር አንድ እጅ ይቀንሱ። ሲሰፉ እጅዎ አልታዘዝ ካለ እንዳጠፉ ሳይሆን እንዳዳኑኝ ያስቡ። ሳጂዳ በፋሻና በእጇ እያሸች እስከዚያ ትይዘኛለች፤ የቀዶ ጥገናውን ወረቀት እስከ ጥቅምት ላለመጻፍ ቃል ገብታልኛለች። ትናንት «ዛሬ ከአሥር ስንት ነሽ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ያንኑ ጻፈችው።

አሁንም ብዙ ነገር አልገባኝም። ትናንት እናቴ ፀጉሬን ስትሠራልኝ ደስ ብሎኝ ሳለ በድንገት እጇን ገፋሁት። ዛሬ ጠዋት ግን ማሽኗ ላይ ክር አስገባሁ። መርፌው ቀዳዳ ላይ ለማድረስ ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ ቢያዩ የራስዎን ዓይን ይመርቁ ነበር። አንድ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ቀጥ ያልሆነ መስመር ሰፋሁ። እናቴ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ታሳይዎታለች።

ለመስቀል ከእሷ ጋር እመጣለሁ። ስለዚህ ሁለት ነገር ይስፉልኝ። አንደኛው ጓንቱና የአንገቱ ነው፤ ለጓንቱ ትርፍ አይተዉለት፣ ለአንገቱም እንዲሁ። ሁለተኛው ቀሚስ ነው። ደረት 98፣ ወገብ 86። ቀለሙን እርስዎ ይምረጡ፣ አንገቱ ክፍት ይሁን፤ የሚያይ ይየው። ለእሱ ግን እንደ ልማድዎ በየስፌቱ ጥሩ አድርገው ትርፍ ይተዉልኝ። ገና እወፍራለሁ።

የወንድምዎ ልጅ፣
ጋዲሴ ጃርሶ